«ለምን በ9?»

ባለፈው ዓመት አንዲት አዲስ ባልደረባዬ አጭር ጥያቄ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ግን አላልኳትም። ታሪኩ ይኸው ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ገንዘብም አልጠፋም። ነገር ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ስትቆረቁረኝ ቆይታለችና ዛሬ አውልቄ ላራግፋት።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ቢሮ ውስጥ የሆነ ቁጥር አልገጥም ብሎ ሰው ሁሉ ሲሰለቸው መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ያን ዕለት ወር መዝጊያ ነበር። ወር መዝጊያን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ ባያውቀው ይሻለዋል። ልጅቷ የባንክ ማስታረቂያ እየሠራች ነው። የእኛ መዝገብና የባንኩ ስቴትመንት በ4,500 ይለያያሉ። ከጠዋት ጀምሮ መስመር በመስመር እየሄደች ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ ቆሜ አየሁና «በ9 አካፍዪው» አልኳት። አካፈለች። 500። ቀሪ የለውም። «በቃ፣ የሆነ ቦታ ሁለት አሃዝ ተገለባብጦ ተጽፏል። ፈልጊው» ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። አስማት ያሳየሁ መስሎኝ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አገኘችው። 7,200 መጻፍ ሲገባው 2,700 ተብሎ ተጽፏል። ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና «ጋሼ፣ ግን ለምንድን ነው በ9 የሚሆነው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ይቺን ዘዴ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ አለቃዬ ነበር ያሳየኝ። እሱም እንደ እኔ ከኋላዬ ቆሞ፣ እሱም እንደ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሠራች፤ ተጠቀምኩባት። ስንት መቶ ጊዜ እንደተጠቀምኩባት አላውቅም።

«ያው የቁጥር ጠባይ ነው» አልኳት። «ዝም ብለሽ ተጠቀሚበት፤ ሁሌም ይሠራል።»

አንገቷን ነቀነቀች። የገባው ሰው አነቃነቅ አልነበረም። አንድ ታላቅ ሰው እንዳያፍር ሲባል የሚደረገው ዓይነት ነበር። ባትነቀንቀው ይሻለኝ ነበር።

ወረቀትና እስክሪብቶ

ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ስልኬ ላይ መፈለግ እችል ነበር፤ አልፈለግኩም። በገዛ እጄ ላገኘው እልህ ያዘኝ።

72ን ውሰዱ። 7 አስሮችና 2 አንዶች ነው። ሲገለበጥ 27 ይሆናል፤ 2 አስሮችና 7 አንዶች። እንግዲህ 7 ከአስር ቤት ወደ አንድ ቤት ወረደ። እያንዳንዱ 10 ወደ 1 ሲወርድ 9 ይጎድልበታል። ስለዚህ 7ቷ ስትወርድ 9 ጊዜ 7 ጎደለ። 2ቷ ደግሞ ከአንድ ቤት ወደ አስር ቤት ስትወጣ 9 ጊዜ 2 ተጨመረ። ልዩነቱ 9 ጊዜ 7 ሲቀነስ 9 ጊዜ 2 ነው። 9 ጊዜ 5። 45። ምንም አሃዝ ብታስገቡ 9ኟ ከመሀል አትወጣም።

አለቀ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይገባዋል። 10 ደቂቃ አልፈጀብኝም። በ19 ዓመት ውስጥ 10 ደቂቃ አጥቼ ነበር ማለት ነው?

ያን ማታ ይበልጥ የደነገጥኩት ግን ቀጥሎ ባየሁት ነገር ነው። 4,500 ለ9 ሲካፈል 500 ይመጣል። 5ቷ ዝም ብላ አልመጣችም። የተገለባበጡት ሁለት አሃዞች በ5 እንደሚራራቁ ትናገራለች፤ 7 እና 2። ሁለቱ ዜሮዎች ደግሞ መገለባበጡ የደረሰው በሺህ ቤትና በመቶ ቤት መካከል እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ ገጹን ሁሉ መፈተሽ አያስፈልግም። በሺህ ቤቱና በመቶ ቤቱ ላይ 7 እና 2፣ 8 እና 3፣ 6 እና 1፣ 9 እና 4፣ ወይም 5 እና 0 ያላቸውን ብቻ ማየት ነው። እኔ ስንት ዓመት በ9 ሳካፍል ቀሪ መኖር አለመኖሩን ብቻ አይቼ መልሱን እጥለው ነበር። መልሱ ለካ አድራሻ ነበር።

ይባስ ብሎ ለልጅቷ የነገርኳት ራሱ ግማሽ እውነት ነበር። ልዩነት በ9 ተካፈለ ማለት የግድ አሃዝ ተገለባበጠ ማለት አይደለም። አንድ ሰው 1,250 ብሎ መጻፍ ሲገባው አንድ ዜሮ ረስቶ 125 ቢጽፍ ልዩነቱ 1,125 ነው። ይህም በ9 ይካፈላል፤ መልሱ 125፣ ራሱ የተሳሳተው ቁጥር። ከዚያም አልፎ ምንም ምክንያት ሳይኖር፣ በአጋጣሚ ብቻ፣ ከ9 ልዩነቶች አንዱ በ9 ይካፈላል። እኔ ግን «በቃ» ብዬ ነበር የነገርኳት። እርግጠኛ ሰው አነጋገር።

ጠዋት ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ። ይህን ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ለመሄድ ግን ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። አንዴ ውሃ ልቀዳ፣ አንዴ ፕሪንተሩን ላይ። በመጨረሻ «ትናንት የጠየቅሽኝን አላውቀውም ነበር» አልኳት። «ማታ ሠራሁት፤ ላሳይሽ?»

ፈገግ አለችና ደብተሯን ገለጠች። እሷም ማታ ሠርታዋለች። እኔ ያላየሁትንም አይታለች። አሃዞቹ ጎን ለጎን ባይሆኑም፣ አንድ ቤት ዘልለው ቢገለባበጡም ያው በ9 ይካፈላል። 702 እና 207 ልዩነታቸው 495 ነው፤ ይሄ ደግሞ በ99 ይካፈላል። «ስለዚህ መጀመሪያ በ99 መሞከር ነው» አለችኝ፤ የቢሮው አዲስ ሰው እኔ የሆንኩ ይመስል። እውነቷን ነው። ያን ጠዋት አዲሱ እኔ ነበርኩ።

38,000 ሰዓት

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ከዚህች ዘዴ ሌላ ስንት ነገር ነው እጄ እየሠራው ጭንቅላቴ የማያውቀው?

ልምድ በራሱ ያስተምራል ብለን እናምናለን። ሰውየው ስንት ዓመት ሠርቷል እንላለን፤ ምን ተማረ አንልም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ሐኪሞች ልምድ የተሠሩ 62 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የሥራ ዓመት በጨመረ ቁጥር ሥራው ይሻሻላል ወይ ነው ጥያቄው። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥናቶች የሥራ ዓመት ሲጨምር በተለኩት ነገሮች ሁሉ ውጤቱ ቀንሶ ነው የተገኘው። አብዛኛው የተለካው ዕውቀታቸውና አዲስ መመሪያ መከተላቸው ስለሆነ፣ አንጋፋ ሐኪም መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ዓመቱ ብቻውን ግን ዋስትና እንዳልሆነ ያሳያል።

10,000 ሰዓት የተለማመደ ሰው ሊቅ ይሆናል የምትባለውን ነገር ያልሰማ የለም። መነሻዋ አንደርስ ኤሪክሰን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት፣ በርሊን ውስጥ ስለ ቫዮሊን ተማሪዎች የተሠራ ጥናት ነው። ምርጦቹ ተማሪዎች 20 ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ ወደ 10,000 ሰዓት ገደማ ብቻቸውን ተለማምደው ነበር። ዓለም ቁጥሩን ይዞ ሮጠ። ኤሪክሰን ግን ዋናው ሰዓቱ እንዳልሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ልምምዱ ያላወቁት ቦታ ላይ ያነጣጠረ መሆን አለበት፤ መሳሳትን ቶሎ የሚያሳይ ነገርም ያስፈልገዋል። በሰዓት ቢሆንማ እኔ በዓመት 2,000 ሰዓት ብንል 38,000 ሰዓት አለኝ። ሊቅ ነኝ ማለት ነው።

በሙያችን ደግሞ የትምህርት ሰዓት የሚባል አለ። ለብዙ ጊዜ የተለመደው ቁጥር በ3 ዓመት 120 ሰዓት ነው። እኔም አሟላለሁ። ግን ልንገራችሁ፤ ስንቱን የኦንላይን ሥልጠና ድምፁን ዘግቼ ሌላ ሥራ እየሠራሁበት አልፌዋለሁ። ሰርተፊኬቱ ይመጣል፤ ፎልደር ውስጥ ይገባል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ያልተማርኩትን አንድ የቢሮ ጥያቄ አስተማረኝ ብል ማጋነን አይሆንም። (አንዱን ግን በትክክል ተምሬዋለሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለውን አዲሱን የኪራይ ሂሳብ ደንብ። የተማርኩትም ሥልጠናው ጥሩ ስለነበር አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ልሠራው ስለነበር ነው።)

በየወሩ የምትመጣው ልዩነት

ልጅቷ አንዴ መንገዱ ተከፈተላት። «ለምን» ማለት አላቆመችም። ሁለተኛው ጥያቄዋ ግን እንደ መጀመሪያው በፈገግታ አላለፈም።

እንዲህ ነው። ስቶር የሚይዘው መዝገብና እኛ ሌጀር (ዋናው የሂሳብ መዝገብ) ላይ ያለው የዕቃ ሂሳብ በየወሩ መጨረሻ አይገጥሙም። ትንሽ ይለያያሉ። ይህ የትም ያለ ነገር ነው። ዕቃው ገብቶ ደረሰኙ ያልደረሰ ይኖራል፤ ደረሰኙ ተመዝግቦ ዕቃው መንገድ ላይ ያለ ይኖራል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የማስተካከያ ቫውቸሩን (ሁለቱ መዝገቦች እንዲገጥሙ የሚያደርገውን ወረቀት) ቅጽ ኤክሴል ላይ አዘጋጅቶ ትቶልኝ ነበር። በየወሩ እከፍተዋለሁ፣ ቁጥሩን እቀይራለሁ፣ እፈርማለሁ። 5 ደቂቃ። በጣም ጎበዝ ነበርኩ።

ቅጹን ሳስረክባት ያለፉትን ወራት አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ከዚያ «ጋሼ፣ የጊዜ ልዩነት ከሆነ አንዳንዴ ወደዚህ፣ አንዳንዴ ወደዚያ መሆን አልነበረበትም?» አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። «ይሄ ሁሌ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሁሌም የእኛው ነው የሚበልጠው።»

ሆዴ ሲባባ ተሰማኝ። እውነቷን ነው። የጊዜ ልዩነት የዚህ ወር በሚቀጥለው ይመለሳል። ዝንተ ዓለም ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ነገር የጊዜ ልዩነት አይባልም። ይህን ለማወቅ ሂሳብ መማር እንኳ አያስፈልግም። እኔ ግን በየወሩ አንዷን ቁጥር ብቻ ነበር የማያት። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ያገኘነው ነገር ሲታይ ተራ ነው። አንድ አቅራቢ የአንድን ዕቃ ካርቶን ከ12 ፍሬ ወደ 10 ዝቅ አድርጎት ነበር። ስቶር ፍሬውን በእጁ ስለሚቆጥር 10 ይመዘግባል። የእኛ ሶፍትዌር ግን አንድ ካርቶን 12 ነው እንደተባለ ነው። ስለዚህ አንድ ካርቶን በገባ ቁጥር እኛ ጋ 2 የሌሉ ፍሬዎች ይወለዳሉ። እኔ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ በማስተካከያ ቫውቸር እቀብራቸዋለሁ። ቢያንስ ለ4 ዓመት።

የተሰረቀ ነገር የለም። የአንዱ ፍሬ ዋጋ ግን ካርቶኑን ለ10 በማካፈል ፈንታ ለ12 እየተካፈለ ይሰላ ስለነበር፣ ከእውነተኛው በአንድ ስድስተኛ አንሶ ይታይ ነበር። በዚህ ዋጋ ላይ ተመሥርተው ሌሎች ሰዎች ውሳኔ ወስነዋል። ያ ዕቃ ያተርፋል ብለው። ትርፉ በአንድ በኩል ይታያል፤ ኪሳራው በእኔ ማስተካከያ ውስጥ ተኝቷል። አጠቃላይ ሂሳቡ ደግሞ እንከን አልነበረውም። ድርብ ምዝገባ (እያንዳንዱን ሂሳብ በሁለት ጎን መጻፍ)፣ ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ በታተመ መጽሐፉ ካስተዋወቀው ጀምሮ፣ አንድ ነገር ቃል ይገባል፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ። ትክክል ይሆናሉ ግን አላለም።

ክሪስ አርጊሪስ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈው ምሳሌ አለ። አንድ የክፍል ሙቀት መቆጣጠሪያ አለ እንበል። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያውን ያበራል፣ ሲሞቅ ያጠፋል። ስህተት አይቶ ያርማል። ይህ አንድ ዓይነት ትምህርት ነው። ያ መሣሪያ ግን «ቆይ፣ ለምንድን ነው 68 ዲግሪ ፋራናይት ላይ የተሞላሁት?» ብሎ ቢጠይቅ ያ ሌላ ዓይነት ትምህርት ነው። እኔ የመጀመሪያው መሣሪያ ነበርኩ። ልዩነት ሲመጣ አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እያልን እናድጋለን፤ እኔ ግን ከላይ ከላይ እየቀዳሁ 4 ዓመት ጠጣሁ።

ያው አርጊሪስ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ጽፏል። በሙያቸው የተሳካላቸው ሰዎች መማር ይከብዳቸዋል ይላል። ብዙ ጊዜ ስለማይወድቁ ከውድቀት መማርን አልተለማመዱም። ሲሳሳቱ የመጀመሪያ ሥራቸው ራሳቸውን መከላከል ነው፤ ጥፋቱን ወደ ሌላ ማዞር። ይህን ሳነብ በራሴ ሳቅኩ። የካርቶኑ ነገር በተገኘ ዕለት ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ስቶሮቹ መንገር ነበረባቸው» የሚል ነበርና። ቀጥሎ «ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው ያመጣው» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ነው «ቅጹን ያልመረመርኩት እኔ ነኝ» የመጣው። እሱም ልጅቷ ከወጣች በኋላ፣ በልቤ። አለቃዬ ጋ ሄጄ ጮክ ብዬ ያልኩት በማግስቱ ነው። አልተቆጣም። «ማን አገኘው?» አለ። ስሟን ነገርኩት። ያን ስነግረው ትንሽ እንደከበደኝ አልደብቅም።

ያላነበብኩት ወረቀት

ከዚህ በኋላ የራሴን ሥራ እንደ ባዕድ ሰው ሥራ ማየት ጀመርኩ። ደስ የሚል ነገር አይደለም። አንዱን ልንገራችሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ደንበኞች ካለባቸው ዕዳ የማንሰበስበው ምን ያህል እንደሚሆን እገምታለሁ። ይህ በሥራዬ ውስጥ እውነተኛ ዳኝነት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ሌላው ከሞላ ጎደል መደመር ነው። በግምቴ እኮራለሁ። ደንበኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያመላልስ።

የኦዲተሮች ደንብ ያለፈው ዓመት ግምት ከደረሰው ነገር ጋር እንዲነጻጸር ያዛል። ስለዚህ በየዓመቱ ወረቀቱን ይጠይቁኛል፤ እኔም አዘጋጅቼ እሰጣቸዋለሁ። በአንድ ዓምድ የገመትኩት፣ በሌላው የሆነው። ለእነሱ ብዬ ነው የማዘጋጀው። ራሴ ግን አንድም ዓመት ቁጭ ብዬ አንብቤው አላውቅም። ለፈተና አራሚ ወረቀቱን ሰጥቶ ውጤቱን ሳያይ እንደሚሄድ ተማሪ።

የ5 ዓመቱን አወጣሁና ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። በ4ቱ ዓመት ከሆነው በላይ ገምቻለሁ። በተለይ ትናንሽ ደንበኞች ላይ። ትልልቆቹን ደግሞ አምኛቸዋለሁ፤ ያስቸገሩኝ እነሱ ነበሩ። «ደንበኞቹን አውቃቸዋለሁ» ያልኩት ዕውቀት ለካ በአብዛኛው ጨዋታቸው ደስ የሚለኝን ሰዎች ማመን ነበር።

የአየር ሁኔታ ትንበያ ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው። በብዙ ጥናት እንደታየው ስለ ዝናብ ዕድል የሚሰጡት ቁጥር ከሚደርሰው ጋር በጣም ይቀራረባል። 30 በመቶ ባሉባቸው ቀናት በእርግጥም ከ10 ቀን ወደ 3 ቀን ገደማ ይዘንባል። ከሌላው ሰው የበለጠ ብልህ ስለሆኑ አይመስለኝም። ዛሬ የተናገሩትን ነገ ሰማዩ ያርምላቸዋል፤ በየቀኑ፣ ያለ ይሉኝታ። የእኔ ሰማይ የሚመልሰው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የተናገርኩትን ረስቼዋለሁ። ስለዚህ መጻፍ ነበረብኝ።

የደብተሩ ነገር

ደብተር ያዝኩ። መጀመሪያ በጣም አላመረልኝም። «በሥራህ ላይ አሰላስል» የሚል ምክር ሰምቼ በየማታው መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ሳምንት ገጾቼን አሁን ሳያቸው ያስቁኛል። «ዛሬ ደክሞኛል።» «ስብሰባው ረዘመ።» «ነገ ይበልጥ ታጋሽ መሆን አለብኝ።» ከዚህ ምን ይማራል ሰው? ማማረርን ማሰላሰል ብዬው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት።

ዶናልድ ሾን የሚባል፣ ከአርጊሪስ ጋር አብሮ የሠራ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ባለሙያዎች እንዴት እያሰቡ እንደሚሠሩ ጽፏል። ከእሱ አንድ ነገር ያዝኩ፤ ማሰብ የሚጀምረው ያልጠበቅነው ነገር ሲያስደንቀን ነው። እጅ የለመደውን ሲሠራ ጭንቅላት ይተኛል። የሚቀሰቅሰው «ኧረ!» የሚያሰኝ ነገር ነው። የእኔ ችግር ታዲያ ምንድን ነበር? 19 ዓመት ሲሞላኝ ምንም አያስደንቀኝም ነበር። ያልጠበቅኩት ነገር ስላልመጣ ሳይሆን ምን እንደምጠብቅ አስቀድሜ ተናግሬ ስለማላውቅ። የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ «አውቄው ነበር» የሚባል ዓይነት ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ አሁን የምጽፈው አስቀድሜ ነው። የባንክ ስቴትመንቱን ከመክፈቴ በፊት፣ ስንት ያልታረቀ ነገር እንደማገኝ። ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት፣ በስንት ቀን እንደሚከፍል። ስብሰባ ከመግባቴ በፊት፣ ማን እንደሚቃወመኝና በምን። አንድ አንድ መስመር ነው። ከዚያ የሆነውን አጠገቡ። ሁለቱ ሲራራቁ ብቻ ነው ቆሜ የማስበው። ሲገጥሙ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ ሁሉንም ነገር የሚያሰላስል ሰው መቼ ሊሠራ ነው?

በደብተሩ ጀርባ ደግሞ ሌላ ዝርዝር አለ። ለምን እንደማደርጋቸው ሳላውቅ የማደርጋቸው ነገሮች። እስካሁን 14 ደርሰዋል። 6ቱን ፈትቻለሁ። ከእነሱ አንዱ በየወሩ አትሜ የማስቀምጠው አንድ ሪፖርት ነው። ማን ይፈልገዋል ብዬ ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። ማንም። ይፈልገው የነበረው ክፍል ከዓመታት በፊት ከሌላ ክፍል ጋር ተዋሕዷል። ማተሙን ተውኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነበር። ትርጉም የለሽ መስሎኝ ልሰርዘው ስል፣ አንድ ጡረታ የወጣ ባልደረባችን ደውዬለት ምክንያቱን ነገረኝ። ከባድ ምክንያት ነበር። ደግነቱ ከመሰረዜ በፊት ጠየቅኩ። «ለምን» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ለማፍረስ አይደለም ማለት ነው፤ አንዳንዴ ያለውን ነገር ያስከብራል።

አንድ የቆየ ጓደኛዬ ስለ ደብተሩ ስነግረው «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብሎ ተሳለቀብኝ። አብረን ሳቅን። ግን ስለ ተረቱ ሳስብ አመሸሁ። በዚህ ዕድሜ መማር የሚያስቸግረው ጭንቅላት ስለደነዘዘ አይመስለኝም። አምባሩ ከሰው ዓይን ስለማያመልጥ ነው። ወጣት ሲጠይቅ ትጉ ይባላል። እኔ ስጠይቅ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳያውቀው ነው?» የሚል ዓይን አለ። ወይም ያለ ይመስለኛል። ያንን ዓይን ፈርቼ ስንት ጥያቄ እንደዋጥኩ መቁጠር አልችልም። ጡረታ የወጣውን ሰው ለመደወል እንኳ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። እሱ ግን ድምፄን ሲሰማ እንዴት ደስ እንዳለው! 40 ደቂቃ አወራኝ። ከእኔ በፊት ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ባለፈው ወር መዝጊያ ላይ የባንክ ማስታረቂያው እንደገና አልገጥም አለ። አሁን ልጅቷ ናት የምትሠራው፤ ከእኔ በፍጥነት ትበልጣለች። ልዩነቱ 37 ነው። በ9 አይካፈልም። በ99 አይካፈልም። ሳንቲም የሌለበት ቁጥር በተቃራኒው ጎን ቢጻፍ ልዩነቱ የቁጥሩ እጥፍ ይሆን ነበር፤ 37 ግን በ2ም አይካፈልም፤ ስለዚህ ያም አይደለም።

«ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ ሳበች። ደብተሬን ከፈትኩና ከመጀመራችን በፊት ግምታችንን ጻፍን፤ የእሷን በአንድ መስመር፣ የእኔን በሌላ።